ሰረገላ ቁጥር 217

መሥሪያ ቤታችን መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ክፍል፣ አስራ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ሙሉ የካርድ መሳቢያ፣ እንዲሁም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠገንና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሌሎቹ በእጃቸው የጻፉትን በማሽን እመታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፍቺ ስመታ አንድም ቃል በራሴ ፈትቼ አላውቅም ነበር። ምላሴ ግን ሥራ ፈትታ አታውቅም፤ ይህን ማንም ይመሰክርላችኋል።

ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሰውዬ የ«ሰ» አዘጋጅ ነበሩ። አባ ቀስ በቀስ ነው የምንላቸው፤ ፊት ለፊት ሳይሆን በሌሉበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? «የእሳቸው እንቁላል ግን ገና አልተፈለፈለም» እያልን እንስቅ ነበር። ሌላው ሁለት ፊደል ሲጨርስ እሳቸው አስራ አንድ ዓመት «ሰ» ላይ ተቀምጠዋል። ካርድ ሲያነሡ በሁለት እጃቸው ነው፤ ሲያስቀምጡም ትኩስ ሻይ እንደያዘ ሰው ቀስ ብለው ነው። አንድ ቀን ጠዋት «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ቃል ጨረሱ?» ብላቸው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አስበውበት ከምሳ በኋላ «አንድ» ብለው መለሱልኝ።

ኃላፊያችን ቀይ እርሳስ ትባላለች። ከጆሮዋ በላይ ጸጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቀይ እርሳስ ስለምትሰካ ነው። ሦስት ሕግ አላት። አንድ ፍቺ መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው በጽሑፍ የተገኘ ማስረጃ ካለው ነው፤ ማስረጃው ዘመን ሊኖረው ይገባል፤ ከአዘጋጁ ዘመድም የተገኘ መሆን የለበትም። ሦስተኛው ሕግ የመጣው በ«ለ» ምክንያት ነው። የዚያ ፊደል አዘጋጅ የአማቱን ቃላት አንድ ሳይቀር መዝግቦ ኖሮ፣ ሲጣራ ግማሹን «ለ» ከአማቱ በቀር የሚናገረው ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ግርጌ «ማስረጃው የማን ነው? ከአዘጋጁ ጋር ዝምድና አለው?» የሚል መስመር አለ፤ በታቹ ደግሞ አዘጋጁ ይፈርማል። ማስረጃ ያጣ ካርድ በሩ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መሳቢያውን የሙት ልጆች ቤት እንለዋለን። እዚያ ገብቶ የወጣ ቃል አላየሁም።

አባ ቀስ በቀስን የያዛቸው አንድ ቃል ነበር፤ ሰረገላ። ካርዱ ካለቀ ቆይቷል። «በፈረሶች የሚሳብ፣ ነገሥታትና የጦር አለቆች የሚሄዱበት የጥንት መጓጓዣ» ይላል። ማስረጃው ሞልቶ ተርፏል። እሳቸው ግን ከጀርባው ሌላ ካርድ አያይዘውበታል፤ ቁጥር ሁለት ተብሎ የተጻፈበት፣ ሌላው ባዶ የሆነ ካርድ። ባዶውን ካርድ አስራ አንድ ዓመት ጠረጴዛቸው ላይ ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ውልቅ ይል ነበር።

ስለ ቃሉ አመጣጥ የጠየቁት ሰው የለም ማለት አይቻልም። የጥንት መጻሕፍት አዋቂያችን፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ አዛውንት፣ ሰረገላ ከድሮው የመጻሕፍት ቋንቋ ወደ እኛ አፍ የወረደ ነው አሏቸው። ከዚያስ ወዲያ? አንዱ ሊቅ ከዚህ ጎረቤት መጣ ይላል፣ ሌላው ከዚያኛው፤ «ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው፣ ልጄ» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሪ የሚለው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነጋዴዎች ጋር የመጣ ይመስላል አሉ፤ እሱንም ሳይምሉ ነው የነገሯቸው። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። ለአባ ቀስ በቀስ አልበቃም። እሳቸውን የጨነቃቸው ቃሉ ከላይ ከየት እንደመጣ አልነበረም። ወደ ታች የት ድረስ እንደወረደ ነበር።

«ሰዎች በእጅ የሚገፋውን ጋሪ ሰረገላ ይሉት ነበር» አሉኝ አንድ ቀን።

«ማን ይለው ነበር?»

«ሰዎች።»

«ስም የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያም ሻያቸው ቀዝቅዞ ላዩ እስኪጠቁር ድረስ የነገሩኝን ነው አሁን የምነግራችሁ። ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ። ለአስር ዓመት ልጅ አንቱ ማለት ስለሚያስቀኝ እዚህ ላይ ብቻ ልጁ ልበላቸው።

የልጁ አባት ገበያ ውስጥ ዕቃ የሚገፋ ነበር። ሁለት መንኮራኩር፣ ሁለት ረጃጅም እጀታ፣ መሀሉ ሳንቃ። አባትየው ይህን ነገር ሰረገላ ይለዋል፤ ልጁም በሌላ ስም ሰምቶት አያውቅም። አስተማሪው አንድ ቀን ተማሪዎቹን በየተራ እያስነሣ የአባታቸውን ሥራ ጠየቀ። ልጁ ተነሣና አፉን ሞልቶ «አባቴ ሰረገላ አለው» አለ። አስተማሪው መጽሐፉን ገለጠና ሥዕል አሳየው፤ አራት ነጭ ፈረሶች፣ ዘውድ የደፋ ንጉሥ። «አባትህ ይኸ ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን ልዑል ይሉት ጀመር። ልዑል መጣ፣ ልዑል ሄደ፣ የልዑል ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ።

ማታ አባትየው ከጓደኞቹ ጋር ደጅ ቁጭ ብሎ መንኮራኩሩን ቅባት ሲቀባ ልጁ ደረሰ። በሰው ሁሉ ፊት «ይኸ ሰረገላ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ጋሪ ነው! መጽሐፉ ላይ አይቻለሁ። ሁለተኛ ሰረገላ ካልከው አባቴ አይደለህም!»

አባትየው ቅባት የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገና «እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ጋሪ ነው ያለው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አባ ቀስ በቀስ በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤት ቅጽ ላይ የአባታቸውን ሥራ «ነጋዴ» ብለው ሞሉ። አባታቸው ማንበብ ስለማይችሉ በታቹ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ይህን ሲነግሩኝ ሰውዬው ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው፤ ግን ፊታቸው የአስር ዓመት ልጅ ፊት ሆኖብኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በባዶው ካርድ ማሾፌን ተውኩ።

ችግሩ ማስረጃ ነው። በገበያ አፍ ውስጥ የኖረን ቃል ማን ይጽፈዋል? ገፊዎቹ አይጽፉም፤ የሚጽፉት ሰዎች ደግሞ ስለ ገፊ አይጽፉም። አባ ቀስ በቀስ አሮጌ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመንገድ ሥራ ደብዳቤ ሁሉ አገላበጡ። ሰረገላ ባገኙ ቁጥር አንድም ንጉሥ ተቀምጦበታል፣ አንድም ነቢይ በእሳት ሰረገላ ወደ ሰማይ ያርጋል። ጡረታቸው እየቀረበ መጣ። ቀይ እርሳስ «‹ሰ› በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል» ብላ ማስታወቂያ ለጠፈች። ወሩ ካለቀ ባዶው ካርድ የሙት ልጆች ቤት መግባቱ ነው፤ የአባትየውም ቃል አብሮ መግባቱ ነው።

በዚያው ወር የአባ ቀስ በቀስ እናት ወድቀው ዳሌያቸውን ታመሙና ሰውዬው ሳምንት ያህል ቀሩ። ካርዶቻቸውን በከረጢት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ማድ ቤት። እማማ መኝታቸውን ማድ ቤት በር አጠገብ አስመጥተው ተኝተዋል፤ የሚጣደው ድስት እንዳያመልጣቸው ነው መሰለኝ። ልጃቸው ሽንኩርት ሲከትፉ «አወፈርከው» ይሏቸዋል። ሰውዬው ሽንኩርቱንም እንደ ካርዱ ነው የሚከትፉት።

እኔ ነገር በሆዴ መያዝ አልችልም። «እማማ፣» አልኳቸው፣ «ባለቤትዎ የሚገፉትን ነገር ምን ነበር የሚሉት?»

ቢላዋው ቆመ።

«ሰረገላ» አሉ እማማ። «ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሉት። ሲጀመር ቀልድ ነበር እኮ፣ ልጄ። ዱሮ ዕቃ የሚሸከሙት በጀርባ ነው። ያ ባለ ሁለት እግሩ ሲመጣ ስም የለው። አንዱ ቀልደኛ የንጉሥ ሰረገላ ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ ጆንያውን ጫነና ‹እኔም ባለ ሰረገላ ሆንኩ፣ ፈረሱም እኔው ነኝ› አለ። ሳቁ። እየሳቁ እየሳቁ ስሙ ሆኖ ቀረ። የኛ ሰውዬ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ ቀልዱ አልቆ ስሙ ብቻ ሲቀር ነው የደረሰው።»

«ታዲያ ኋላ ጋሪ ማለት ለምን ጀመሩ?»

እማማ ልጃቸውን አዩ። «አንድ የተማረ ሰው ጋሪ ነው አለዋ» አሉ። ነገሩን በሆዳቸው ይዘው መኖራቸው ያስታውቃል፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቂም አልነበረም። «ታርጋውን እንኳ ሳይቀር አስቀባው።»

«የምን ታርጋ?» አሉ አባ ቀስ በቀስ። ሽንኩርቱን ትተው ዞሩ።

«የማዘጋጃ ቤቱ ነዋ። ያው አይጥ እንዳይገባ በሩ ላይ የመታሁት።»

ማድ ቤቱ በር ግርጌ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቆርቆሮ በአራት ሚስማር ተመትቷል። አባ ቀስ በቀስ ሠላሳ ዓመት በእግራቸው ሲገፉት የኖሩት በር ነው። ተንበርክከው በቢላዋው ጫፍ ሚስማሮቹን ፈለቀቁ፤ በሕይወቴ እሳቸውን ፈጥነው ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ሲገለብጡት በነጭ ቀለም፣ ሰው ተለምኖ የጻፈው በሚመስል እጅ «ጋሪ» የሚል ተጽፎበታል። ቀለሙ ተላልጧል። ከሥሩ በማሽን ተቀጥቅጦ ጎልቶ የወጣ ፊደል ጠርዙ ይታያል። በጥፍራቸው ፋቁት። ማዘጋጃ ቤት፤ የእጅ ሰረገላ፤ ቁጥር 217። በታች ዓመቱ።

አባ ቀስ በቀስ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ማንበብ አይችልም ነበር» አሉ። «የትኛው ፊደል እንደሚሸፈን ሰው ለምኖ ነው። ለኔ ብሎ ነው። እኔ እንዳላፍር።» ከዚያም አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ሽንኩርት በነካ እጃቸው ፊታቸውን እየጠረጉ፣ ይብስ እየተቃጠሉ። እኔም አለቀስኩ። እማማ ብቻ አላለቀሱም።

«እኔ ፊደሉን አላውቅም» አሉኝ። «ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ገበያው ሲበተን ሠላሳ አርባ ሰረገላ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሰዉም አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት። እኔ ቁጥሩን እፈልጋለሁ። ሁለት መቶ አስራ ሰባትን ሳይ ለልጆቹ ‹መጣ› እላለሁ። ያኔ ውሃ ይጣዳል።»

በነጋታው ቢሮ ገባን። ማስረጃ ተገኝቷል፤ ጽሑፍ ነው፣ ዘመን አለው፣ የጻፈው ማዘጋጃ ቤት ነው። የቀረችው አንዷ መስመር ናት። ማስረጃው የማን ነው? አባ ቀስ በቀስ ብዕራቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ጠረጴዛቸው ላይ ተደግፌ በሹክሹክታ «ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገኘ ይበሉ» አልኳቸው። «ማን ያውቃል? ቆርቆሮ አይናገር። ቃሉ ይገባል፣ አበቃ።»

«አባቴ ነው» አሉ።

«እሱንማ እናውቃለን። እኔ የምለው ካርዱ ላይ ነው። ‹አባቴ› ብለው ከጻፉ እኮ በእጅዎ የሙት ልጆች ቤት ከተቱት!»

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ «አንድ ጊዜ አባቴ አይደለህም ብዬዋለሁ። ሁለተኛ አልለውም።»

ጻፉት። ጥርት ባለ ፊደል፦ «የአባቴ ነው።» ከዚያም ፈረሙበትና ካርዱንም ታርጋውንም ይዘው ቀይ እርሳስ ቢሮ ገቡ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ተከትዬ ገባሁ።

ቀይ እርሳስ ታርጋውን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ካርዱን አነበበች። ግርጌው ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። «ማስረጃው ጥሩ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ጥሩ ማስረጃ ስንት ጊዜ አይተናል? ግን ዘመድ ነው።»

«አዎ» አሉ አባ ቀስ በቀስ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ካርዱን ተቀብለው በሩ አጠገብ ወዳለው መሳቢያ ሊሄዱ ነው። ይኸን ጊዜ አበድኩ። ሕጉ የወጣው ለአማት ነው እንጂ ለአባት አይደለም አልኩ። አስራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ባዶ ካርድ ሲጠብቅ ታይቶ እንደዚህ አይደረግም አልኩ። ውሸት እንዲጽፉ መክሬያቸው እንቢ ያሉ ሰው ናቸው፣ ለእውነት የሚከፈለው ይኸ ከሆነ ማሽኔን ውሰጂልኝ አልኩ። ሌላም ብያለሁ፤ ሁሉን አላስታውስም፣ የማስታውሰውንም አልጽፈውም።

«ጨረስሽ?» አለች ቀይ እርሳስ።

«ጨርሻለሁ።»

እርሳሷን ከጸጉሯ መዘዘች። ማስረጃው ላይ ይወርዳል ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ ወርዶ የአባ ቀስ በቀስን ፊርማ ሰረዘው። «ማስረጃ አይቀየርም» አለች። «አዘጋጅ ግን ይቀየራል።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ከሳቸው ጋር ዝምድና አለሽ?»

«የ... የለኝም።»

«ታርጋው የወጣለትን ሰውዬ ታውቂያቸው ነበር?»

«ኧረ ከየት አውቄ!»

«እንግዲያው ፍቺውን አንቺ ጻፊ። በራስሽ ቃል። እሳቸው አንድ ፊደል እንኳ አያቀብሉሽም። ፊርማውም ያንቺ ይሆናል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይስማማሉ?» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ ውስጥ በ«ሰ» ሥር ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ቃል አለ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ የአዘጋጁ ስም ምልክት ይታተማል። አስራ አንድ ዓመት የለፉት ለሁሉም ነው፤ የጠበቁት ግን ይችን አንዷን ነው። አሁን ምልክቷ የእኔ ሊሆን ነው፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ስታሾፍባቸው የኖረች ጸሐፊ።

«እስማማለሁ» አሉ። ቶሎ ነው ያሉት።

ጠረጴዛዬ ላይ ባዶውን ካርድ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፍቺ እያየሁ «ይኸንማ እኔም እጽፈዋለሁ» ስል ኖሬ፣ ብዕሩን ስይዝ ካርዱን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። አባ ቀስ በቀስ ፊት ለፊቴ እጃቸውን አጣጥፈው ጣራውን ያያሉ። መጀመሪያ «ድሆች የሚገፉት» ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው አላዩኝም፤ እኔ ግን እማማን አሰብኳቸውና ሰረዝኩት። «ተሸካሚዎች የሚገፉት» አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። ለምሳ ሲወጡ አልወጣሁም። ሲመለሱ አንድ መስመር ተኩል ነበረኝ። ከእኛ መሀል ማን ቀርፋፋ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ቃል በሁለት እጅ የሚያዝ ነገር ነው።

ፍቺ ሁለት፦ «(የድሮ የገበያ ንግግር) ሰው በእጁ የሚገፋው፣ ባለ ሁለት መንኮራኩር የዕቃ መጫኛ። በጨዋታ የወጣለት ስም ጸንቶ የሥራ ስም ሆነ፤ ኋላ ጋሪ ተባለ። ማስረጃ፦ የማዘጋጃ ቤት ታርጋ፣ ቁ. 217።»

ቀይ እርሳስ አንብባ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ጨመረችና ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው።

መጽሐፉ ታትሞ የወጣው ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር በኋላ ነው። አባ ቀስ በቀስ ጡረታ ወጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሲመጡ አንዱን አቅፌ ቤታቸው ሄድኩ፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እማማ አሁንም ማድ ቤቱ በር አጠገብ ናቸው። ዓይናቸው በጣም ደክሟል። በሩ ግርጌ ላይ አይጧን የሚከለክል አዲስ ሳንቃ ተመትቷል፤ ታርጋው ግን ተጠርጎ ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሏል።

አባ ቀስ በቀስ ገጹን አወጡና አንብበው አሰሙ። ቀስ ብለው፤ ይህን ያህል ቀስ ማለታቸው ያን ቀን አላናደደኝም።

«ያባትህ ስም የታለ?» አሉ እማማ ሰምተው ሲጨርሱ።

«የሰው ስም አይገባበትም፣ እማዬ። መዝገበ ቃላት ነው።»

«ታዲያ የሱ መሆኑን ምኑ ያሳያል?»

ልጃቸው የእናታቸውን ጣት ይዘው በመስመሩ ላይ እየመሩ ወሰዱት፤ ፊደሉን ሁሉ አሳልፈው ቁጥሩ ላይ አቆሙት። እማማ አንገታቸውን ወደ ወረቀቱ ደፉ። አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረውም። ጣታቸው ሁለቱ ላይ፣ አንዱ ላይ፣ ሰባቱ ላይ ተራመደ።

«መጣ» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ» አሉ አባ ቀስ በቀስ። «ከነሰረገላው መጣ።»